ሞዴል የሌለው ንብረት

የመሥሪያ ቤታችን የነፍሳት ባለሙያ ጋሼ ጡረታ ሲወጡ የተደረገው የንብረት ርክክብ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። 60 ሞላዎት ውጡ መባሉ ሕግ ነው፣ እሳቸውም አላጉረመረሙም፣ እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

የንብረት ክፍሉ ልጅ ዝርዝሩን ይዞ መጣና ማይክሮስኮፕ፣ ጂፒኤስ፣ ወንበር እያለ ምልክት ያደርጋል። የነፍሳት ሳጥኖቹ ጋ ሲደርስ ክዳኑን ከፍቶ አየና "እነዚህ ሞዴል 19 አላቸው?" አለ፣ የንብረት ገቢ ደረሰኝ ማለቱ ነው። ከየት ይምጣ፣ የተገዙ አይደሉማ! ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ ከጓሳ፣ ከወፍ ዋሻ፣ ከአንኮበር በመረብ የለቀሟቸው ናቸው። "ሞዴል የሌለው አልረከብም፣ ወይ ቤት ይውሰዷቸው ወይ ይወገዱ" አላቸው።

ጋሼ አልተቆጡም። አንዱን ሳጥን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አንድ አንበጣ አሳዩት፣ መርፌው ሥር ጥፍር የምታክል ወረቀት አለች፣ "ጓሳ፣ ሰኔ 2001" ብላ ከፍታውንና የሰበሰበውን ሰው ስም ትጽፋለች። "ልጄ፣ ያኔ የበረሃ አንበጣ ጓሳ ላይ ሲወርድ መድኃኒት ይረጭ የሚል ነበር። ጭላዳው አንበጣውን እየለቀመ ይበላል፣ ቀይ ቀበሮውም ይበላል፣ መርዝ ከረጨን እነሱንም ነው የምንመርዘው ብዬ ተከራከርኩ። ይቺ የዛን ጊዜ ምስክር ናት።"

ልጁ አዳመጣቸው፣ እውነት ለመናገር በደንብ ነው ያዳመጣቸው። ከዛ "ገብቶኛል ጋሼ፣ ግን ኦዲት ሲመጣ ምን ልበል?" አለ። ጋሼ ዝም አሉ፣ እኔም የምመልሰው አጣሁ።

መንዝ ጓሳን በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ሕዝቡ ራሱ ግጦሹንና የሳር አጨዳውን በሚቆጣጠርበት የጥንት ደንብ፣ ስንት ትውልድ ጠብቆ ያቆየው ሕዝብ ነው፣ ዛሬ ቱሪስቱ ለጭላዳና ለቀይ ቀበሮ ይመጣል፣ እበቱን እየቀበረ ሳሩን የሚያለመልመውን ጥንዚዛ ግን ማን ያየዋል? የዛሬ ሃያ ዓመት ይሄ ጥንዚዛ እዚህ ነበር ወይ ቢባል መልሱ ያለው እነዛ ሳጥኖች ውስጥ ነው፣ ወረቀቷ ከጠፋች ደግሞ የቀረው የደረቀ ነፍሳት ብቻ ነው።

አሁን ሳጥኖቹ ኮሪደር ላይ ናቸው። ናፍታሌን በየጊዜው ካልተቀየረ ትል ገብቶ ዱቄት ያደርጋቸዋል፣ ናፍታሌኑን የሚገዙት ደግሞ ጋሼ ናቸው፣ ከጡረታቸው። በስጦታ የመጣ ዕቃ በኮሚቴ ተቆጥሮ በሞዴል 19 ገቢ ይሆን የለ እንዴ? እነዚህም እንደዛው ይግቡ ብዬ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።