ስንት እንዳገኘሁ እናገራለሁ፤ ከየት እንዳገኘሁ ግን አልናገርም

በሐይቅ ዳርቻ ዓሣ ይዞ የወጣ ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። «ስንት አገኘህ?» እና «ከየት አገኘህ?»። የመጀመሪያውን ለጠየቀኝ ሁሉ ቁጥሩን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ። ሁለተኛውን የምመልሰው ግን ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነው። በወሎ ሎጎ ሐይቅ ላይ የሚያጠምዱ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቼ የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ያገኙትን ይደብቃሉ፣ ያገኙበትን ይናገራሉ። ይህ ልማድ ውኃውን እየጎዳው ስለሆነ፣ እኔ እንዴት እንደምሠራና ከሥራው ምን እንደተማርኩ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ያገኙትን መደበቅ በወሎ ሥር የሰደደ ነገር ነው። ገበሬው ከአውድማው ስንት ኩንታል እንዳስገባ ለጎረቤቱ አያወራም። የከብቱን ቁጥር የሚጠይቅ እንግዳም ደስ አያሰኝም። «በረከቱ ይነሣል»፣ «ዓይን ይበላዋል» ይባላል፤ በዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው። ይህን እምነት አልንቅም፣ ያደግሁበት ነው። በዓሣ ላይ ግን ጉዳት አለው። ሁሉም ሰው ያጠመደውን ከደበቀ፣ ዓሣው ከዓመት ዓመት ሲያንስ እያንዳንዱ «የእኔ ዕድል ነው የከፋው» ብሎ ብቻውን ይተክዛል። ጎረቤቱም በዚያው ሰዓት በራሱ ዕድል እያዘነ መሆኑን አያውቅም። የገበሬው ጎተራ የራሱ ስለሆነ ቁጥሩን ቢደብቅ የሚጎዳው ሰው የለም። ውኃው ግን የሁላችንም ስለሆነ የእኔ ቁጥር ለሌላውም ያስፈልገዋል።

ስለ ቦታ ደግሞ ከአዳኞች የምንማረው ብዙ ነው። የጥንቱ አዳኝ አውሬ ጥሎ ሲመለስ እየፎከረ ይገባ ነበር። ፉከራው የጣለውን አውሬ ይጠራል፣ ጀግንነቱን ያወሳል፣ መንደሩም በእልልታ ይቀበለዋል። አውሬው ውኃ የሚወርድበትን ዱካ ግን አብሮት ከወጣው ጓዱ በስተቀር የሚያውቀው አልነበረም ይላሉ ያሳደጉኝ ሽማግሌዎች። ድሉ የሰፈሩ፣ ዱካው የአዳኙ ነበር። እኔ የምከተለው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ቦታ ይህን ያህል የሚጠበቅበትን ምክንያት ለመረዳት ሎጎ ሐይቅን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ በኩል ውኃ ይቀበላል፤ እሱ ግን የሚፈስበት መውጫ የለውም። ከኮረብታው ላይ ሆኖ የሚያየው ሰው ያ ሁሉ ውኃ ዓሣ የሞላበት ይመስለዋል። ነገር ግን ጥልቁ ውኃ ኦክስጅን የለውም፤ ዓሣው የሚኖረው ከላይ ባለው ውኃና በዳርቻው ነው። ዳርቻውም በብዙ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ረጋ ያለ፣ አሸዋማ፣ ሣር የበቀለበትና ጥልቀት የሌለው ውኃ የሚገኘው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) የሚራባው ደግሞ እዚያ ነው።

ቆሮሶ የዚህ ውኃ ተወላጅ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። አምባዛና ካርፕም አሉ፣ ገበያውን የያዘው ግን ቆሮሶ ነው። ፈላጊው ብዙ ነው። በወሎ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ተለይቶ ይታረዳል፣ ዓሣ ግን መታረድ ስለማያስፈልገው ሁለቱም ከአንድ ትሪ ይበሉታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ሁዳዴ ሲገባ ከደሴ የሚመጣው ገዢ ይበዛል። ዓሣው የሚራባበት ቦታ ጠባብ፣ የሚበላው ሰው ብዙ መሆኑን የሚያውቅ አጥማጅ ስለ ቦታ ሲናገር ሊጠነቀቅ ይገባል።

ጧት ንፋስ ሳይነሣ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታ ታንኳውን አቁሞ ወደ ታች ለተመለከተ ሰው የቆሮሶው ሥራ ወለል ብሎ ይታያል። ወንዱ በአፉና በጅራቱ ደለሉን ይጠርግና የሰፌድ ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ጎረቤቱ ሌላ ወንድ አጠገቡ የራሱን ይቆፍራል። አንዱ የሌላውን ድንበር ሲያልፍ አፍ ለአፍ ይገጥማሉ። ሴቷ ትመጣለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወዲያውኑ መልሳ በአፏ ትለቅመውና ወደ ሣሩ ትሄዳለች። እንቁላሉ የሚፈለፈለው እዚያው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ወጥተው መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አስፈሪ ነገር ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ጊዜ እናቲቱ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መንጠቆ አይዛትም፤ መረብ ግን ይይዛታል። እንቁላል የያዘች እናት ከመረብ ስትወጣ ትንፈራገጣለች፣ ብጫው እንቁላልም ከአፏ እየፈሰሰ በታንኳው ወለል ላይ ይበተናል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ጉድጓዶቹ የት እንዳሉ ለማንም ሲያወራ አይገኝም።

የተወራ ቦታ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አንድ ወጣት ታንኳው ሞልቶለት ደስ ብሎት በስልኩ ቀርጾ ለሰው ሁሉ አሳየ። የቦታውን ስም አልጠራም። ከበስተኋላው ግን ኮረብታው ይታይ ነበር፣ ዳር ላይ የቆመው ዋርካም ይታይ ነበር። የአካባቢው ሰው ሌላ ምልክት አላስፈለገውም። ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ክር መረብ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋበት። መረቡን የዘረጉት ሰዎች ከሩቅ የመጡ ነበሩ፤ የዛሬን እንጂ የከርሞን አያስቡም። በቀጣዩ ወቅት እዚያው ቦታ ወርጄ ወደ ታች ስመለከት ደለል ብቻ ነበር። ወጣቱ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፣ ደስታውን ነው ያካፈለው። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከስልክ የወጣ ነገር ከአፍ ከወጣውም የባሰ ነው።

እኔ የምሠራበት መንገድ ይህን ይመስላል። ሁለት ደብተር አለኝ። በአንዱ ቀኑን፣ የንፋሱን አቅጣጫ፣ የተጠቀምኩበትን መረብ ወይም መንጠቆ፣ የዓሣውን ብዛትና ክብደት እጽፋለሁ፤ ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ። በሌላው ቦታውን እጽፋለሁ፣ እሱ ከቤት አይወጣም። ዓሣ ፎቶ ማንሣት ካስፈለገኝ በታንኳው ወለል ላይ አስተኝቼ ከላይ አነሣዋለሁ፤ ዳርቻው፣ ኮረብታው፣ ዛፉ አይገባም። የስልኩ ካሜራ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ ከምስሉ ጋር መዝግቦ ሊያስቀር ስለሚችል ያንን ማስተካከያ አጥፍቼዋለሁ። ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። ወደ አንድ ቦታም በየቀኑ አልመላለስም። የታንኳን አቅጣጫ ዳር ሆኖ የሚከታተል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ቦታውም ዕረፍት ያስፈልገዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አጥብቄ የያዝኩት አንድ ነገር አለመዋሸት ነው። አንዳንድ አጥማጆች ቦታ ሲጠየቁ ሰውን ወደ ተሳሳተ ስፍራ ይልካሉ። ይህን እቃወማለሁ። የተሳሳተው ስፍራ የሌላ ሰው መተዳደሪያ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በቦታ የዋሸ ሰው በቁጥርም ይዋሻል ተብሎ ይታሰባል፣ ያን ጊዜ ቁጥሩ ከንቱ ይሆናል። እኔ በግልጽ «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ ቦታውን አልናገርም» እላለሁ። ብዙ ሰው ቅር ሳይለው ይቀበላል። ሲዋሹት ይናደዳል እንጂ ሲከለክሉት ያን ያህል አይናደድም።

በጣም ያሳሰበኝ ተቃውሞ የመጣው መሬት ከሌለው አንድ የሰፈራችን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ውኃው የአላህ ነው። እርስዎ ማን ስለሆኑ ነው የሚደብቁት?» አለኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ብዙ አሰብኩበት፣ ምክንያቱም ውኃው የእኔ አይደለም ማለቱ ትክክል ነው። አባቶቻቸው መሬት ያላወረሷቸው ልጆች ወደ ሐይቁ ሲመጡ፣ ቀድሞ የደረሰው አጥማጅ በሩን የሚዘጋባቸው ከሆነ ግፍ ነው። ስለዚህ ራሴን መጠየቅ ያዝኩ፤ የደበቅሁትን ቦታ እኔ ራሴ እተወዋለሁ ወይ? ጉድጓዱ በሚበዛበት ወቅት እኔም መረቤን እዚያ የማልጥል ከሆነ ምሥጢሩ ለዓሣው ነው። ሌላውን ከልክዬ እኔ የምዘርፈው ከሆነ ግን ስስት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በወቅቱ እዚያ መረብ አልጥልም። ልጁንም ከቦታው በስተቀር የማውቀውን ሁሉ አስተማርኩት፤ የመረብ ዓይን እንዴት እንደሚመረጥ፣ የመሬት ትል ከየት እንደሚቆፈር፣ ዓሣው በየትኛው ሰዓት ወደ ዳር እንደሚጠጋ፣ ሆቴሎች ምን ዓይነት እንደሚፈልጉ። ሙያ ቢነገር አያልቅም፣ ቦታ ግን ያልቃል።

ስለ ማን ሊያውቅ እንደሚገባ ካነጋገርኳቸው ሰዎች የአንድ አዛውንት አጥማጅ ቃል ከሁሉ በላይ አሳመነኝ። «አባባ፣ ቦታውን ይዤው ልሙት ወይስ ልናገር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቦታ የሚነገረው ለሰው ነው እንጂ ለወሬ አይደለም» አሉኝ። የምታውቀውን ሰው፣ እጁን ያየኸውን ሰው፣ ትንሽ ዓሣ ሲይዝ የሚለቅ መሆን አለመሆኑን የተመለከትከውን ሰው በታንኳህ ወስደህ አሳየው ማለታቸው ነው።

በዚህ መሠረት የዓሣ ባለሙያ ታንኳዬ ላይ አውጥቼ ጉድጓዶቹን አሳይቻለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ «መንግሥት ካወቀው ይከለክለናል» ብለው ወቅሰውኛል። እኔ ግን ባለሙያው የማያውቀውን ቦታ ሊጠብቀው አይችልም እላለሁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎታል። ሕግ ወረቀት ላይ ተቀምጦ የትኛው ዳርቻ መጠበቅ እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቀው በየቀኑ ውኃው ላይ የሚውለው ሰው ነው።

ይህ ነገር የዓሣ ብቻ አይደለም። በወሎ ደጋ፣ በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ፣ ጠቅላላ ቁጥሩም በመቶዎች የሚቆጠር እንስሳ ነው። እረኞች የሚወልድበትን ጉድጓድ ያውቃሉ። ፎቶ ለማንሣት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ከተመራ እናቲቱ ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ትሰደዳለች። እረኛው «ቀበሮ አየሁ፣ ስድስት ነበሩ» ብሎ ቢናገር ለጥበቃው ይጠቅማል። ጉድጓዱን ግን ከጠባቂው በስተቀር ለማንም ማሳየት የለበትም።

ቁጥርን በግልጽ መናገር የጀመርኩት በሚዛኑ ላይ ነው። ዓሣው ሲመዘን ክብደቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ሰው ደነገጠ፣ አንዱ እጄን ያዘኝ። ዳር ላይ ዓሣ የሚጠብሱ አንዲት እናት ግን ነገሩን አቃለሉት፤ «ማሻአላህ በልና ተናገር፣ ምን ይሆናል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማሻአላህ ብዬ ነው ቁጥሩን የምጠራው። ክርስቲያኖቹ «ከዓይን ያውጣው» ይሉና የራሳቸውን ይጠራሉ። አሁን ከእኛ ወገን ብዙዎቹ በደብተር ይጽፋሉ። ጽሑፉን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናየው ዓሣው በግልጽ እያነሰ መጥቷል፣ በመረብ ብዛት ያገኘነው ኪሎ ቁመቱ ባጠረ ዓሣ የተሞላ ነው። «የእኔ ዕድል ነው» የሚል ሰው ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ዓይኑ ሰፊ መረብ እንግዛ የሚለው ንግግር የተነሣው ከዚህ ነው። ገና አልተስማማንም። መረብ ውድ ነው፣ ቀድሞ የቀየረ ሰው ለጥቂት ወራት ገቢው ይቀንሳል፣ ያልቀየረው ደግሞ እሱ የለቀቀውን ይይዛል ብሎ ይፈራል። እኔ የራሴን ቀይሬያለሁ፤ ሁለት ጎረቤቶቼም ከክረምቱ በኋላ እንደሚቀይሩ ነግረውኛል።