የናኖ ወርቅ ኩባንያ ስመሠርት የመጀመሪያው ቅጥር ለምን ኬሚስት አልሆነም

ኩባንያችን የሚያመርተው ዲያሜትራቸው ወደ 40 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሚጠጋ የወርቅ ቅንጣቶችን ነው። እንደ እርግዝና መመርመሪያ ባሉ ብዙ ፈጣን መመርመሪያዎች ላይ የሚታየው ቀይ መስመር ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቅንጣቶች የሚመጣ ነው። መሠረታዊው ኬሚስትሪ የቆየ ነው፤ ኬሚስቱ ጆን ተርኬቪችና ባልደረቦቹ የወርቅ ውሁድ በሟሟበት የፈላ ውኃ ላይ ሲትሬት በመጨመር ቅንጣት የመሥራትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1951 አሳትመዋል፤ ፍሬንስ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በ1973 የሲትሬቱን ልክ በመለዋወጥ የቅንጣቱን መጠን መወሰን እንደሚቻል አሳይቷል። የእኔ ድርሻ አንቲቦዲን (የሚፈለገውን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ከቅንጣቱ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ሽፋን ነበር፤ ኩባንያውም የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ሳይንቲስት ኩባንያ ሲያቋቁም ራሱን የሚመስል ሰው መቅጠር ይቀናዋል። እኔ ግን ከሌላ ኬሚስት ይልቅ የኬሚካል መሐንዲስ አስቀደምሁ። በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ፈዛዛ ቢጫው ውኃ መጀመሪያ ይጠራል፤ ቀጥሎ ወደ ጥቁር ግራጫ ይለወጥና በመጨረሻ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ዕቃው በየአቅጣጫው ዐሥር እጥፍ ሲያድግ ግን ይዘቱ ሺህ እጥፍ ሲሆን፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ግድግዳ የሚሰፋው መቶ እጥፍ ብቻ ነው። ሲትሬቱም በትልቅ ጋን ውስጥ ቶሎ ስለማይዳረስ ቅንጣቶቹ በተለያየ ጊዜ ተፈጥረው መጠናቸው ይዘበራረቃል። መሐንዲሷ ሥራ በጀመረችበት ሰሞን፣ «ዶክተር፣ ሲትሬቱን ጨምረው የሚጨርሱት በስንት ሰከንድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ያለው በእጄ ልማድ እንጂ በማስታወሻ ደብተሬ አልነበረም። እርሷ ጋኑን ትታ ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ያለማቋረጥ እየፈሰሰ እንዲቀላቀል አደረገች፤ ወርቁ በቱቦው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ማስቸገሩ ግን ለብቻው ብዙ ሥራ ጠይቋል።

ሌላው ቁልፍ ሰው የጥራት ተቆጣጣሪው ነው። ተጠሪነቱ ለምርት ክፍሉም ሆነ ለእኔ እንዳይሆን፣ ያልተማመነበትን ምርትም ማንንም ሳያስፈቅድ እንዲያግድ ገና ከጅምሩ በጽሑፍ ተስማማን። ከሚሠራቸው ፍተሻዎች አንዱ ከፈሳሹ ላይ ጥቂት ቀድቶ ጨው መጨመር ነው፤ ሽፋኑ ደህና ከሆነ ቀይነቱ ይጸናል፣ ካልሆነ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ይዞራል። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስል ባለሀብትን ደስ ያሰኛል (እኔም እወደዋለሁ)፤ የሚያሳየው ግን የደረቁ ጥቂት ቅንጣቶችን ሲሆን፣ ደንበኛው የሚገዛው በፈሳሽ ውስጥ ያሉትን እልፍ አእላፋት ነው። ስለዚህ ፈሳሹን እንዳለ ይዘን፣ ቅንጣቶቹ ብርሃንን እንዴት እንደሚበትኑ በማየት መጠናቸውን መለካት ግዴታችን ሆነ።

የባለቤትነቱን ጉዳይ ሥራው ሳይሞቅ መጨረስ ይገባል። ሽፋኑ የተገኘው በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ስለነበር የፓተንቱ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ሆኖ እኛ የመጠቀም ፈቃድ ወሰድን። አብራኝ የመሠረተችው የዶክትሬት ተማሪዬ ውጤቱን ቶሎ ማሳተም ትፈልግ ነበር፤ መመረቋም በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ፍላጎቷ ተገቢ ነው። ይሁንና አሜሪካ ለፈጣሪው የ12 ወር ፋታ ስትሰጥ፣ በአውሮፓ ግን ከማመልከቻ በፊት የታተመ ግኝት አዲስነቱን ያጣል። ስለዚህ ማመልከቻውን በቅድሚያ አስገብተን ጽሑፉን አስከተልን። የመሥራቾቹም አክሲዮን በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጸና (ቀድሞ የለቀቀ ሙሉውን የማያገኝበት) እንዲሆን ተፈራረምን።

በኋላ የሥራ አስፈጻሚነቱን ቦታ የመመርመሪያ ዕቃዎችን ሲሸጥ ለኖረ ሰው ለቅቄ የሳይንስ ክፍሉን ያዝሁ። እርሱ ከደንበኞች ይዞ የመጣው ጥያቄ እኔ ከጠበቅሁት የተለየ ነበር። ምርመራው ምን ያህል ጥቃቅን ነገር ይለያል ከማለት ይልቅ፣ የሚቀጥለው ዙር ምርት ካለፈው ጋር አንድ ይሆናል ወይ፣ ሙቀት ባለበት መጋዘንስ ስንት ወር ይቆያል እያሉ ይጠይቁ ነበር። የምርምር ዕቅዴንም በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ እንደገና አዘጋጅቼ፣ አብዛኛውን በጀት ሽፋኑ ደርቆ ሲቀመጥ ወደሚደርስበት ለውጥ አዛወርሁ።