298 አመጣሁ፣ ከዛስ?

የጎረቤታችን ልጅ ዘንድሮ 12ኛን ጨርሶ ውጤት እየጠበቀ ነው። ትናንት ማታ በር ላይ ይዞኝ «አንተ ግን ምን እንደምትማር እንዴት ነው የወሰንከው?» አለኝ። ልመልስለት ሞከርኩ፣ ተንተባተብኩ፣ «በኋላ እናወራለን» ብዬው ገባሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ የወሰንኩት ነገር የለም። ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ልጻፈውና ያንብበው።

እኔ የተፈተንኩት በ2015 ነው። ብርድ ልብስ ተሸክመን፣ ስልካችንን ቤት ትተን፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን። ውጤቱ የወጣው 2016 መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ ነበር፣ 3.2 በመቶ። እኔ ከ700፣ 298 አመጣሁ። ያን ያህል ሰው ሲወድቅ ሀዘኑም ይከፋፈላል ትላለህ፣ ግን አይከፋፈልም። እማዬ ሶስት ቀን ሙሉ ቡና ሳታፈላ ዋለች። ቡና ከተፈላ ጎረቤት ይመጣል፣ ጎረቤት ከመጣ ደግሞ «ልጅሽ ስንት አመጣ?» አይቀርም። እማዬን ለሚያውቅ ሰው ሶስት ቀን ያለ ቡና ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ የተበላሸው ግን ከዚያ በፊት ነው። 11ኛ ስንገባ ናቹራል ወይስ ሶሻል ተባልን። እኛ ትምህርት ቤት ናቹራል የጎበዝ፣ ሶሻል የሰነፍ ነው ይባል ነበር። ይሄን ወሬ ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ካርታ ማየት የምወድ፣ ጂኦግራፊ ሳላጠና የምሰራ ልጅ ናቹራል ገባሁ። ለምን? ጓደኞቼ ስለገቡ። አባዬም ኢንጂነር እንድሆን ይፈልግ ነበር። ኢንጂነር ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሰራ እንደሚውል አባዬ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሁለታችንም የምናውቀው ቢጫዋን ሄልሜት ነው።

ከውጤቱ በኋላ ሶስት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ሬሜዲያል ነው፣ ግማሽ ላላመጣን የተዘጋጀ የማካካሻ ትምህርት፣ ደርሶኝ ነበር። ጥቂት ወራት ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ትማራለህ፣ ከዚያ ትፈተናለህ፣ 70 በመቶው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና ነው፣ 30ው ከዩኒቨርሲቲው። ካለፍክ ፍሬሽማን ትሆናለህ፣ ዲፓርትመንት ትመርጣለህ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመጣው መውጫ ፈተና ይጠብቅሃል። ሁለተኛው የግል ኮሌጅ፣ ሶስተኛው ቴክኒክና ሙያ።

ስለ ግል ኮሌጅ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። የአጎቴ ልጅ በራሪ ወረቀት አይቶ፣ ክፍያ ከፍሎ፣ አንድ ሴሚስተር ከተማረ በኋላ ነው ኮሌጁ በዚያ ትምህርት ዘርፍ እውቅና እንደሌለው ያወቀው። ኮሌጁ እውቅና አለው! ግን ለሌላ ዘርፍ። እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ ሳይሆን በየትምህርት ዘርፉና በየካምፓሱ ነው፣ ሰጪው ደግሞ የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት «እውቅና አላችሁ?» ብለህ አትጠይቅ፣ ሁሉም «አዎ» ይልሃል። «ለዚህ ዘርፍ፣ እዚህ ግቢ የተሰጣችሁን ደብዳቤ አሳዩኝ» በል። የአጎቴ ልጅ ብሩ እስካሁን አልተመለሰለትም።

ወደ እኔ ልመለስ። የሬሜዲያል ጥሪ እስኪመጣ ቤት ተኝቼ መዋሌ አባዬን አናደደው። እዚህ ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ፍሪጅ የሚጠግን ወዳጅ አለው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። «ሄደህ እቃ አቀብለው፣ ቢያንስ ከአልጋ ትነሳለህ» አለኝ። ለቅጣት ነበር የላከኝ።

በሁለተኛው ቀን አሞራ ገደል አካባቢ አንዲት ዓሣ ሻጭ ጋ ሄድን። ፍሪዘሯ አላቀዘቅዝ ብሏል፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በጆንያ ሆኖ መሬት ላይ ውሃ እያፈሰሰ ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጥሩ ላይ ቆመው ከእኛ በላይ ጉዳዩን እየተከታተሉት ነው። ሴትየዋ «ጋዙ አልቋል፣ ሙላልኝ» አለች። ጋሼ ሳቅ አለና «እህቴ፣ ጋዝ አያልቅም፣ ያፈሳል እንጂ» አላት። የፍሪጅ ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የሚኖር ነገር ነው፣ እንደ ማብሰያው ጋዝ አይቃጠልም። ከጎደለ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፣ ቀዳዳው ሳይገኝ የሚሞላልህ ሰው ከወር በኋላ ተመልሶ ሊያስከፍልህ ነው።

ከዚያ መዳፉን ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚያዞረው ሞተር ላይ አደረገና ፍሪዘሩን ሰካው። «እምምም» አለ፣ ከዚያ «ቀጭ» ብሎ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እምምም... ቀጭ»። «ሰማህ? መነሳት ፈልጎ አቃተው» አለኝ። ሪሌ የምትባል ክብሪት ሳጥን የምታክል እቃ ነበረች የተቃጠለችው፣ ሞተሩን መጀመሪያ ላይ ገፍታ የምታስነሳው እሷ ናት። ነቀልናት፣ ስናወዛውዛት ውስጧ ተንኮሻኮሸ፣ አዲስ ገባ፣ ተነሳ። ሴትየዋ የጠየቀችው ጋዝ ቢሞላላት ብሯም ዓሣዋም ይሄድ ነበር።

በመንገድ ላይ ለምን እንደተቃጠለች ጠየቅኩት። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት ገና አልበረደም፣ ሞተሩ ያንን ግፊት ገፍቶ መነሳት ያቅተዋል፣ ይግላል፣ ይህ ሲደጋገም አንዱ ቦታ ይበላሻል። ስለዚህ መብራት ሲመጣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ስኩ። (ይሄን እማዬ እስከ ዛሬ አታደርግም።) እኔ ግን ግፊት የሚባለውን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ላይ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይ ስቼዋለሁ። የገባኝ የዚያን ቀን፣ ዓሣ እየሸተተኝ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው።

ሬሜዲያል አልሄድኩም። እዚሁ ሀዋሳ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪሲቲ ተመዘገብኩ፣ ከሰዓት ከሰዓት ጋሼ ጋ እሰራለሁ። እማዬ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። አባዬ አልተናገረም፣ ግን አንድ ቀን ለሰው «ልጄ ኤሌክትሪካል እየተማረ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ፣ ሰውየው ኢንጂነሪንግ እንዲመስለው አድርጎ። አላረምኩትም፣ ይደሰትበት።

አሁን ይሄን አንብበህ ቴክኒክ ግባ እያለኝ ነው እንዳትል። አብራኝ የተፈተነች ልጅ ሬሜዲያል ገብታ አለፈች፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ደስ ብሏታል። እኔም የማይመቸኝ ነገር ሞልቷል። ክረምት ላይ ስራ ይቀዘቅዛል፣ ጋዝና እቃ በየጊዜው ይወደዳል፣ ሰርቼ ጨርሼ «ነገ እሰጥሃለሁ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሰርግ ቤት «ምን እየሰራህ ነው?» ስባል አሁንም ትንሽ እሽኮረመማለሁ። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ፈተና ስፈተን ደግሞ እጄ ከ12ኛው ፈተና በላይ ተንቀጥቅጧል፣ ምክንያቱም ይሄኛውን ብወድቅ ከልቤ ያሳዝነኝ ነበር።

«ስራ የሚገኝበትን ምረጥ» የሚለውንም ምክር በጥርጣሬ ነው የማየው። እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ ስፌት ትሰራ ነበር። ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ስራ ማለት እዚያ ነው ይል ነበር፣ እውነትም ብዙ ሰው ቀጥሯል። በ2014 አገሪቱ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያሸጠው ዕድል፣ ስትሰረዝ ግን የእሷ ፋብሪካ ትዕዛዙ ቀነሰ፣ እሷም ቤት ገባች። ዛሬ ስራ ይገኝበታል የተባለው አንተ ተምረህ እስክትጨርስ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ 12 ዓመት ስማር «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ያላለኝ ሰው የለም፣ «ምን ስትሰራ ብትውል አይሰለችህም?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። ሀኪም መሆን የምትፈልግ ከሆነ አንድ የምታውቀው ነርስ ወይም ሀኪም ፈልግና የተረኝነት ሌሊቱ እንዴት እንደሚያልፍ እንዲያወራህ አድርግ። አካውንታንት ከሆነ ሰኔ ላይ፣ ሂሳብ መዝጊያ ሰሞን፣ ፊቱን እየው። ባንክ የሚሰራ ዘመድ ካለህ ሻይ ጋብዘው። እኛ አገር ዘመድ አይጠፋም።

እና አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ሱቅ በር ላይ ጠብቀኝ። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ምግብ ቤት ሁለት ፍሪጅ አለው፣ የእቃ ሳጥኑን አንተ ትይዛለህ። አሮጌ ልብስ ልበስ፣ የዓሣ ሽታ በአንድ እጥበት አይለቅም።