ተራ ቁጥር 23

ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒያሳ ሹፌሩ የጠራው ዋጋ የአዲስ አበባን ታክሲ አስመሰገነኝ። እዚሁ ነው ያደግኩት ብለው ፍንክች አላለም። «አገርህ ከሆነ ታዲያ ምን ያከራክርሃል?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ ከፈልኩ።

ጎንደር ሄድኩ የሚል አዲስ አበቤ አብዛኛውን ጊዜ ለጥምቀት ነው የሚሄደው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን በጥምቀት የድሮ ጓደኛ አይገኝም፤ ሁሉም ከእንግዶቹ ጋር ይሯሯጣል። ዘንድሮ በነሐሴ ሄድኩ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጾመ ፍልሰታ። ሰው ግን ቤቱ ነው።

ያደርኩባት ፔንሲዮን ሻወር አላት፤ ውኃ የላትም። የከተማዋ ውኃ የሚመጣበት የአንገረብ ግድብ ከደለል ጋር ትግል ከያዘ ቆይቷል። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፣ እኔ ውስጥ በጆግ እታጠባለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ደግሞ ሰዓታቱ በድምፅ ማጉያ ጀመረ። አርባ አራት ታቦት ያላት ከተማ መጥቶ በፍልሰታ ልተኛ የሚል ሰው ራሱ ነው ጥፋተኛው። ቢሆንም ተነጫነጭኩ።

በማግስቱ ጣሊያኖች በሠሯት ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ከድሮ የክፍል ጓደኞቼ ጋር ተገናኘን። አንደኛዋ ፋርማሲ ከፍታለች። አንዱ ባንክ ይሠራል። ሌላው አስተማሪ ሆኗል፤ ከሁላችን አስተማሪ የሚፈራው እሱ ነበር። ማኪያቶ በጾም ወተት አዘዝን። እንዳትሞክሩት።

ወሬው ወዲያው ወደ ክፍላችን ገባ። ጠዋት ፈረቃ፣ ሰልፍ፣ ባንዲራ፣ የጥፍር ፍተሻ። አለቃው ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው የረባሾች ስም። ትምህርት በሬዲዮስ? ሬዲዮኑ ጥያቄ ይጠይቀናል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ እኛ እንጮሃለን። ከዚያ «ጎበዞች! ትክክል ነው!» ይላል፤ ምን ብለን እንደመለስን ሳይሰማ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያመነብኝ ሰው የለም።

ስም ጥሪውን የጀመረችው ፋርማሲስቷ ናት። ከ1 ተነስታ እየዘፈነች ትጠራለች፣ እኛ «አቤት!» እንላለን። የሌሉትንም ወክለን አቤት አልን፤ አንዱ አሜሪካ ነው፣ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዷ መነኩሲት ሆናለች አሉ። 22 ላይ እኔ አቤት አልኩ። ከዚያ ዝም አለች።

«23 ማን ነበር?»

24 የባንኩ ሰውዬ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነን በተራ ቁጥር ነው የምንቀመጠው። ስለዚህ 23 በሁለታችን መሀል ነው የተቀመጠው። ሁለታችንም አናስታውሰውም! የእኔ ስም በመ ይጀምራል፣ የእሱ በሰ። መሀል ያለው ከዚያ አይወጣም። እኔ ክንዱን ነው የማስታውሰው። ግራኝ ስለነበረ ስንጽፍ ክንዳችን ይጋጫል፤ ደብተሬ በሙሉ የተሰረዘ መስመር ነበር። የባንኩ ሰውዬ ደግሞ ማለ፦ «ኧረ ሴት ናት! በአዋዜ የተለወሰ እንጀራ በፌስታል ይዛ ትመጣ ነበር፣ ታካፍለኝ ነበር።»

«ታዲያ እየበላህ ስሟን አልጠየቅክም?» አለችው ፋርማሲስቷ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ተያይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ወረድን። ጃንተከል ዋርካ ጋ ስንደርስ አስተማሪው ቆመ። እዚህ ጥላ ሥር ነበር ብይ ተጫውቶ የሚያረፍደው። የፋሲልን ግንብ በየቀኑ እያለፍን አንድም ቀን ቀና ብለን አላየነውም። በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ የሆነች ከተማ መሆኗን የተማርነው ከመጽሐፍ ነው፤ ግንቡ ከመስኮታችን እየታየ። አሁን ልጆቼ አዲስ አበባ ላይ ከመስኮታቸው የሚያዩት የጎረቤት ብሎኬት ነው። እነሱም አይገርማቸውም።

ዘበኛው አላስገባም አለ። ክረምት ነው፣ ዝግ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ አየን። ክፍላችን ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ ባንዲራ መስቀያው እንዳለ ነው። በቃ።

በር ላይ በቆሎ እሸት የሚጠብሱ እናት ነበሩ። ድሮ ቆሎ ይሸጡልን የነበሩት ራሳቸው ናቸው። እኔ አልለየኋቸውም፣ እሳቸው ግን ፋርማሲስቷን በእናቷ ለዩዋት። «አንቺ የእሷ ልጅ አይደለሽም? እናትሽስ ደህና ናት?» አሉና ለእኔ ትልቁን እሸት መረጡልኝ። ሃያ ብር ነው አሉ። አምሳ ስሰጣቸው መልሱን በግድ አስያዙኝ።

«እማማ፣ በእኛ መሀል የሚቀመጥ ግራኝ ልጅ ያስታውሳሉ?»

«የልብስ ሰፊው ልጅ ነዋ! በግራው ነበር ሳንቲም የሚሰጠኝ።»

እኔ ደስ አለኝ። አስተማሪው ግን የልብስ ሰፊው ልጅ ሌላ ክፍል ነው የነበረው አለ። የባንኩ ሰውዬም ሴት ናት ከሚለው ዝንፍ አላለም። እሸታችንን እየጋጥን ፒያሳ እስክንደርስ ተጨቃጨቅን።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ፋርማሲስቷ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተች። እስካሁን ሦስት ስም ቀርቧል፣ አንዱም አላስማማም። ጥቅምት ላይ ትምህርት ሲደላደል አስተማሪው መዝገብ ቤት ገብቶ የድሮውን የስም መጥሪያ ሊያፈላልግ ቃል ገብቷል። የተሸነፈ ለጥምቀት በግ ይገዛል። የባንኩ ሰውዬ ከአሁኑ ዋጋ እየጠየቀ ነው፣ ለእኔ አዝኖ።