የጅማ ዝናብ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ እና ዙም

ጅማ ሆኖ ኦንላይን የተማረ ሰው ዝናቡን ነው የሚያማው። መብራቱንም ኔትወርኩንም አምተን ስለጨረስን እሱ ይቅር፣ ግን ሐምሌ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድበት አጠገብህ ያለውን ሰው እንኳን አትሰማም፣ እኔ ደግሞ አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ ማይክ ከፍቼ መናገር ስጀምር ፕሮፌሰሩ ፋብሪካ ውስጥ ነህ እንዴ አለኝ። ዝናብ ነው አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም፣ ስልኩን በመስኮት አውጥቼ አሳየሁት።

ኮርሱ እዚህ ካሉ መምህራን ጋር አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚሰጠው የሪሰርች ሜቶድ ነገር ነው፣ የማን እንደሆነ ይቆየን። መጀመሪያ ሰሞን በእኛ አሥር ሰዓት ነበር የምንገናኘው። መጋቢት መጨረሻ ላይ አንድ ማክሰኞ በሰዓቴ ገባሁ ስል ሰዎቹ ቻው ቻው ሲባባሉ ደረስኩ። ለካ ፈረንጆቹ ማርች መጨረሻ እሑድ ላይ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፉታል፣ የእኛ አሥር ሰዓት ዘጠኝ ሆነ ማለት ነው፣ እኛ መቼም ሰዓት ነክተን አናውቅ ማን ይንገረን።

ዳታውማ አይነሳ። ቪዲዮ ከፍተህ አንድ ሰዓት በቡድን ካወራህ አንድ ጊጋ ገደማ ሄደ በለው፣ በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቻችን ፊታችንን ዘጋን፣ በአራተኛው ሳምንት ግማሾቻችን ጭራሽ ጠፋን።

ኮርሱን ያተረፈው ዙም ሳይሆን ቴሌግራም ነው። አንዷ የክፍላችን ልጅ ፕሮፌሰሩን አስፈቅዳ የሌክቸሩን ድምፅ ብቻ ቆርጣ ግሩፕ ላይ መልቀቅ ጀመረች፣ ከዛ በኋላ ታክሲ ውስጥም፣ አዌቱ ወንዝ ዳር እየሄድክም፣ ማታ ወጥ እየጠበቅክም ትሰማለህ፣ ጥያቄ ካለህ ቮይስ ትልካለህ ሰውዬው በማግስቱ ይመልሳል። የኮርሱ ፋይሎች የሚጫኑበትን ሙድልንም ቢሆን ብዙ ሰው ብሮውዘር ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አፑን ካወረዳችሁት ፋይሉን ዋይፋይ ባለበት ጭናችሁ ቤት ገብታችሁ ያለኢንተርኔት ማንበብ ትችላላችሁ። እኔ ይሄን ያወቅኩት ኮርሱ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ይታያችሁ።

ለነገሩ ጅማ ለፓርትነርሺፕ እንግዳ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የሆነ ነው፣ በፈረንጅ 2007 ላይ ደግሞ ከቤልጅየም ፍሌሚሽ (ደች ተናጋሪ) ዩኒቨርሲቲዎች ጋር፣ ከጌንት፣ ከሌቨን፣ ከአንትወርፕ፣ ከብራስልስ ማለቴ ነው፣ አሥር ዓመት ገደማ የሄደ ፕሮግራም ተጀመረ። ሳንድዊች ፒኤችዲ የሚሉት ከዛ የለመድነው ነው፣ ጥቂት ወር እዛ፣ ከዛ እዚህ ዳታ መልቀም፣ እንደገና እዛ። ዳቦው ቤልጅየም ቢሆንም ሥጋው ግን እዚህ ነበር፣ ግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ላይ የወባው ጥናት ሲሠራ ትንኙም ሕፃናቱም የኛው ነበሩ። እዛ ሄዶ ላብ ውስጥ ከሰው ጎን ቆሞ የተማሩትን ነገር ኦንላይን ይተካዋል የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም፣ ማይክሮስኮፕ በቴሌግራም አይላክም። ቲዎሪውን ግን፣ ስታትስቲክሱን ምናምን፣ ለምን ቪዛ እንጠብቃለን?

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር ኦንላይን ሲባል ሁሌ ከዛ ወደዚህ መሆኑ ነው። እኛ ጋ እኮ ሲቢቲፒ (ኮሚዩኒቲ ቤዝድ ትሬኒንግ ፕሮግራም) የሚባል ነገር አለ፣ ተማሪው በቡድን ሆኖ በየዓመቱ ወደ ማህበረሰቡ ወርዶ ቤት ለቤት እየዞረ ችግሩን የሚያጠናበት፣ የጤና ተማሪዎች ደግሞ መጨረሻ ላይ ቲቲፒ (ቲም ትሬኒንግ ፕሮግራም) ብለው ሐኪሙም ነርሱም ላብራቶሪውም አንድ ላይ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። ይሄን ለምን እኛ አናስተምራቸውም ብዬ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ሃያ ደቂቃ ለመንኩ። ሰጡኝ።

እውነት ለመናገር ከሌክቸሩ ሁሉ በላይ ጥያቄ የበዛው የዛን ቀን ነው። ቤት ለቤት ስትሄዱ ሰው ያስገባችኋል ወይ፣ ቡና ሳትጠጡ ትወጣላችሁ ወይ (አይቻልም አልኳቸው)፣ ከዛ አንዷ ተማሪ "ተማሪዎቹ ጨርሰው ሲሄዱ ለቀበሌው ምን ይቀርለታል?" አለች። ልመልስ አፌን ስከፍት ዳታዬ አለቀ።

ቮይስ ልላክላት ብዬ ሦስቴ ቀድቼ ሦስቴ አጠፋሁት። እኛ ባች ሽንት ቤት አስቆፍረን ነበር፣ አሁን ይኑር አይኑር ሄጄ አላየሁም። ቅዳሜ ካልዘነበ ሄጄ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክላት።