ካሜራው ሳይዞር የነጋብኝ ሁለት ሌሊት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ የአሥር ሰከንድ ፊልም ለመሥራት ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ከሦስቱ ሁለቱ፣ አንድ ሰው ከዚህ በታች የምጽፈውን አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ፣ በእንቅልፍ ያልፉ ነበር።

ሥራው ለአንድ ሴሚናር፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ማሳየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ማክስ ፔሩዝን ለኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያበቃው ይህ ሞለኪውል አራት ሰንሰለቶች፣ በየሰንሰለቱም ብረት ያዘለ አንዳንድ ሂም የተባለ ክፍል ስላለው፣ በቋሚ ሥዕል ከየትኛውም አቅጣጫ ብታዩት አንዱ ሌላውን ይጋርዳል። ሞለኪውሎችን የሚሥለውን ፓይሞል የተባለ ፕሮግራም ጫንሁ፣ 1ኤ3ኤን የተባለውን የሄሞግሎቢን መዋቅር የፕሮቲኖች መዋቅር ከሚከማችበት ፕሮቲን ዳታ ባንክ አወረድሁ፣ ሰንሰለቶቹን በቀለም ለየሁ፣ በኤምሴት ትእዛዝ 300 ፍሬሞች፣ ማለትም ፊልሙ የሚገነባባቸውን ነጠላ ሥዕሎች፣ መደብሁ። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲታይ አሥር ሰከንድ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልወሰደም።

ሞለኪውሉ ሲዞር እንዲታይ የሚዞረው ካሜራው፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሞለኪውሉን የሚያይበት ምናባዊ ዓይን ነው። ካሜራው ያለበትን ቦታ በተመረጡ ፍሬሞች ላይ ኤምቪው ስቶር በሚባል ትእዛዝ ታስቀምጣላችሁ፤ በመካከል ያሉትን ፍሬሞች ፕሮግራሙ ራሱ አስልቶ ይሞላቸዋል። ስለዚህ በ1ኛው ፍሬም ላይ አንድ ጊዜ አስቀመጥሁ፣ ካሜራውን 360 ዲግሪ አዙሬም በ300ኛው ላይ ደገምሁ። 360 ዲግሪ የዞረ ካሜራ የሚቆመው ከተነሣበት ቦታ መሆኑን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን አላሰብሁትም። ለፕሮግራሙ መነሻውና መድረሻው አንድ በመሆናቸው በመካከላቸው የሚሄድበት መንገድ አልነበረም።

ይህም ሆኖ አንድ ጊዜ አጫውቼ ብመለከተው ኖሮ በአሥር ሰከንድ ውስጥ እደርስበት ነበር። የሴሚናሩ አዘጋጆች ግን እያንዳንዱ ፍሬም በ1920 በ1080 ጥራት፣ ብርሃንና ጥላን አስልቶ በሚሥለው በሬይ ትሬሲንግ ይሠራ ብለው በደብዳቤ ስላዘዙና ቀኑም ስለደረሰ፣ ቸኩዬ ኮምፒውተሩን ለሥራው ትቼ ተኛሁ። አንዱ ፍሬም 80 ሰከንድ ያህል ይፈጅ ስለነበር ጠቅላላው ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። ጠዋት ፋይሎቹን አንድ በአንድ ባልፋቸው ሄሞግሎቢኑ ንቅንቅ አላለም፤ ሦስት መቶ አንድ ዓይነት ሥዕሎች። እናቴ ቡናውን ይዛ ከኋላዬ ቆማ ስትመለከት ቆየችና «ልጄ፣ ይዞራል ያልከኝ ይሄ ነው?» አለችኝ።

በሁለተኛው ሌሊት ዙሩን ለሦስት ከፈልሁት፤ በየ100 ፍሬሙ 120 ዲግሪ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ለሁለት ብከፍለው ኖሮ 180 ዲግሪ በቀኝም በግራም እኩል ስለሆነ በየት በኩል እንደሚዞር አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ተርን በሚለው ትእዛዝ ፋንታ ሮቴት ብዬ ጻፍሁ። ተርን የሚያዞረው ካሜራውን ነው፤ ሮቴት ግን ካሜራውን ሳይነካ አተሞቹ ያሉበትን ቦታ የሚያመለክቱትን ቁጥሮች ይለውጣል። በስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ እኔም ሲዞር አይቼ አምኜ ተኛሁ። ጠዋት እንደገና ሦስት መቶ አንድ ዓይነት ሥዕሎች ጠበቁኝ።

ያኔ ነው ጌት ቪው የተባለውን ትእዛዝ ያወቅሁት። የካሜራውን ሁኔታ በ18 ቁጥሮች ያትማል፤ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ የዞረበትን አቅጣጫ የሚገልጹ ናቸው። በ1ኛው፣ በ100ኛውና በ200ኛው ፍሬም ላይ ባሳትመው ዘጠኙም ቁጥሮች እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ድረስ አንድ ነበሩ። ሮቴትን በተርን ቀይሬ ስደግመው ቁጥሮቹ ተለያዩ። ሁለት ሌሊት ያባከንሁት ግማሽ ደቂቃ የማይወስድ ምርመራ ባለማድረጌ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል።

በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ ከ212ኛው ፍሬም በኋላ መብራት ሄደ፤ ያረጀው የላፕቶፕ ባትሪም ብዙ አልቆየም። ደግነቱ ፍሬሞቹን የሚያወጣው ኤምፒንግ የተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ፋይል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ የመጀመሪያውን ፍሬም ቁጥር ሰጥቶ ካቆመበት ማስቀጠል ይቻላል። መብራቱ ሲመለስ ትእዛዞቹን የጻፍሁበትን ስክሪፕት ከፍቼ ከ213 ጀመርሁ። ስለዚህ ፊልሙን በቀጥታ በቪዲዮ ፋይል አውጡ የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ፍሬሞቹን ለየብቻ አውጥታችሁ በኋላ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም አገጣጥሟቸው። ሬይ ትሬሲንግንም፣ አዘጋጆች ምንም ቢሉ፣ ለቋሚ ሥዕል ተዉት፤ ለሚዞር ፊልም ተራው አሣሣል ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አምልጦኝ ነበር። የሬይ ትሬሲንጉ ጥላ ሂሙን ስለጋረደብኝ ጥላውን ቀደም ብዬ ያጠፋሁት ትእዛዙን በእጄ ጽፌ እንጂ በስክሪፕቱ ውስጥ አስገብቼ አልነበረም። ከ213ኛው ፍሬም ጀምሮ ሞለኪውሉ ላይ ድንገት ጥላ ወደቀ። ይህን ያየሁት ሴሚናሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው፤ እንደገና ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ እየተሳቀቅሁ አቀረብሁት። የአዳራሹ ፕሮጀክተር እጅግ ፈዛዛ ስለነበር ጥላው መጣም ቀረ፣ ያን ሁሉ ጥራት ያዘዙት ሰዎች እንኳ ልብ አላሉትም።