አማሪሊሴ ዳግም እስኪያብብ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ

በ2013 ዓ.ም. አንድ ሰው እጄን ይዞ «ካርቶኑ ውስጥ ያለውን የአበባ አያያዝ መመሪያ ወረቀት አትከተል፤ ለአዲስ አበባ አልተጻፈም» ቢለኝ ኖሮ አንዱ የአማሪሊስ ኮረት (አበባው የሚበቅልበት፣ ሽንኩርት የሚመስለው ክፍል) ባልሞተብኝ፣ ሌላውም ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ አበባ ባልቀረ ነበር። በእርግጥ የነገረችኝ ሰው ነበረች። አልሰማኋትም።

ኮረቶቹን ያመጣችልኝ ኔዘርላንድስ የምትኖረው እህቴ ናት። ለገና ስትመጣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አያይዛ ሁለት ይዛልኝ መጣች። እያንዳንዳቸው የጎልማሳ ጡጫ ያክላሉ፤ ሲያዩዋቸው ከትልቅ ሽንኩርት አይለዩም። አተካከሉ ቀላል ነው። ከኮረቱ ብዙም የማይሰፋ መትከያ፣ የኮረቱ አንድ ሦስተኛ ከአፈር በላይ፣ አንድ ጊዜ ውኃ፣ ከዚያ ቡቃያው እስኪወጣ መታገሥ። በሰባተኛው ሳምንት፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ሁለቱም አበቡ። በአንድ አገዳ ላይ አራት አራት ቀይ አበባ፣ እያንዳንዱ የእጅ መዳፍ የሚያክል። እናቴ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ቡናዋን እዚያ መጠጣት ጀመረች።

አበባው ሲረግፍ ብዙ ሰው ኮረቱን ይጥለዋል። ይህ ያናድደኛል፤ በደንብ የተያዘ ኮረት ከባለቤቱ ጋር አብሮ ሊያረጅ የሚችል ነገር ነው። እኔ አልጣልሁም። የደረቀውን አበባ ዘር ሳይዝ ቆረጥሁ፣ አገዳውን ቢጫ ሲሆን ከሥሩ አነሣሁ፣ ቅጠሉን ተውሁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር መልካም ነበር።

ከዚያ ሰኔ መጣ። የካርቶኑ መመሪያ ወረቀት ከሰኔ እስከ ነሐሴ መትከያውን ወደ ውጭ አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱት ይላል። ለኔዘርላንድስ ሰው ትክክል ነው፤ ለእሱ እነዚህ ወራት ሞቃት ናቸው። መዝገበ ቃላቶቻችን ያንን የፈረንጆች ወቅት «በጋ» ብለው ይተረጉሙታል፤ ወሮቹ ግን የእኛ ድፍን ክረምት ናቸው። በሐምሌ ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብበት ከተማ ሁለቱን መትከያዎች ተሸክሜ አጥሩ ሥር አስቀመጥኋቸው።

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝ። ገበሬ ቤት ያደገች ሴት ናት። «ልጄ፣ ሽንኩርት በሐምሌ ዝናብ ደጅ ይጣላል እንዴ? ሽንኩርት እኮ በበጋ፣ በመስኖ ነው የሚያምረው» አለች። እኔም «እማዬ፣ ይህ ሽንኩርት አይደለም፤ አበባ ነው። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» አልኋት። ዝም ብላ ገባች። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ጥፋቱ ዝናቡ ብቻ ቢሆን ኮረቶቹ ይተርፉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን የተከልኋቸው ከግቢ በቆፈርሁት መረሬ አፈር ነበር፤ መረሬ ደግሞ ውኃ ከያዘ አይለቅም። መትከያዎቹ ፕላስቲክ፣ ከሥራቸው ሳህን ያለባቸው ነበሩ። ሳህኑ በየቀኑ ይሞላል፤ እኔም «ጠጥቶ ይጠግብ» ብዬ አልደፋውም። በሐምሌ አጋማሽ በረዶ ጥሎ ቅጠሎቹን ቀደደ። በነሐሴ መጀመሪያ በቅጠሉ ሥርና በኮረቱ አንገት ላይ እንደ ዝገት ያለ ቀይ መስመር ታየ።

ቅጠሉን ቆርጬ በላስቲክ ይዤ ችግኝ ወደሚሸጥበት አንድ ቦታ ሄድሁ። ባለሙያ ነኝ ያለው ሰው ቅጠሉን በእጁ እንኳ ሳይነካ «የምግብ እጥረት ነው» አለኝ። አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዝናብ ላይ ይሁን ጥላ ሥር አልጠየቀኝም። ዩሪያ መዝኖ ሸጠልኝና «በትነህ ውኃ አጠጣ» አለኝ። በነሐሴ ውኃ አጠጣ! ያ ቀይ መስመር ብዙ የአማሪሊስ ዘመዶችን የሚያጠቃ የታወቀ የሻጋታ በሽታ ነው፤ እርጥበት ያስፋፋዋል። ዩሪያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠሉን አለስልሶ ለበሽታው ያመቻቸዋል። ይህን ሳላውቅ በትኜ አጠጣሁ። ሰውየው ስላላወቀ አልቀየመውም፤ ሳያውቅ እንደሚያውቅ ሆኖ ስለ ሸጠልኝ ግን አሁንም ቅር ይለኛል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንዱ ቅጠሎች ተዘርረው ወደቁ። መትከያውን ስገለብጠው የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ ግቢውን ሞላው። ሥሮቹ ጠቁረዋል፤ ኮረቱን ስይዘው ጣቴ ሰምጦ ገባ። የሚተርፍ ነገር አልነበረውም። ሁለተኛውን ሳወጣው ታችኛው ግማሹ ቡናማ ነበር፤ ላዩ ግን ገና ይጠነክራል። እናቴ ትሪ ይዛልኝ፣ እኔ የወጥ ቤቱን ቢላዋ በአልኮል እየጠረግሁ ንብርብሩን አንድ በአንድ ላጥሁት። ቡናማ ነጥብ ባየሁ ቁጥር እንደገና ቆርጣለሁ፤ ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስካገኝ ድረስ። ጡጫ ያክል የነበረው ኮረት የእንቁላል መጠን ሆኖ ቀረ። ሥር ከሚያወጣው መቀመጫው ላይ ጥቂት በመትረፉ ብቻ ነው የዳነው፤ እሱ ከጠፋ ተስፋ የለም። ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሼ ፀሐይ በማያገኘው መደርደሪያ ላይ ለአምስት ቀን አደረቅሁት። ባለሙያዎች የፀረ ሻጋታ ዱቄት ይሻላል ይላሉ፤ ቤቴ የነበረው አመድ ነው፤ ሠርቶልኛል። ከዚያ ግማሽ ቀይ አሽ (ውኃ የሚያሳልፍ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ ግማሽ የበሰለ ብስባሽ ቀላቅዬ፣ ቀዳዳ ባለው የሸክላ መትከያ ውስጥ ተከልሁት።

2014 ዓ.ም.ን ሦስት ቀጫጭን ቅጠል ይዞ አሳለፈ። ክረምቱን በረንዳ ውስጥ አስገብቼ ስለ ነበር ከዚህ በኋላ ጥፋት የምሠራ አልመሰለኝም። ነገር ግን በመስከረም 2015 ዓ.ም. እንደገና ያንን ወረቀት አወጣሁ። ኮረቱ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት በ10 ዲግሪ አካባቢ ይረፍ ይላል። እኔ አረንጓዴዎቹን ቅጠሎች ቆርጬ ኮረቱን ነቅዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከፖምና ከሙዝ አጠገብ አስቀመጥሁት። ስህተቱ አንድ አልነበረም። የቤት ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እጅግ ይበርዳል። የሚበስል ፍሬ ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ኮረቱ ውስጥ ያለውን እምቡጥ ይጎዳል። ቅጠሉን መቁረጤ ግን ከሁሉ የከፋ ነበር። ይህ ተክል በግምት አራት ቅጠል ባወጣ ቁጥር አንድ የአበባ እምቡጥ በውስጡ ይጀምራል፤ እምቡጡም ወጥቶ እስኪታይ ከአንድ ዓመት ያላነሰ በኮረቱ ውስጥ ያድጋል። አረንጓዴ ቅጠል መቁረጥ ማለት የሚቀጥለውን ዓመት አበባ መቁረጥ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ቅጠል ብቻ ወጣ።

ዓይኔን የገለጠልኝ የተክሉ የትውልድ አገር ነው። አማሪሊስ ብለን የምንገዛው በትክክለኛ ስሙ ሂፒያስትረም ነው፤ አማሪሊስ የሚለው ስም በሳይንሱ የደቡብ አፍሪካው ዘመዱ ነው። ሂፒያስትረም ከብራዚል፣ ከፔሩና ከቦሊቪያ የመጣ ነው። ኔዘርላንድስ ያሳደገችው እንግዳ ነው እንጂ የወለደችው አይደለም። ብዙዎቹ ዝርያዎቹ የለመዱት ዝናብና ደረቅ ወቅት የሚፈራረቁበትን ኑሮ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱም አሉን። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት በአዲስ አበባ በረንዳ ላይ ያለ ማቀዝቀዣ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ፈረንጅ ምድር ቤት ፈልጎ የሚያገኘውን ቅዝቃዜ እኛ በር ላይ በነፃ እናገኛለን።

ስለዚህ ወረቀቱን ትቼ የራሴን ዘመን ቆጠራ ያዝሁ። ክረምቱን ሙሉ መትከያው ዝናብ በማይደርስበት፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው የበረንዳ ጥግ ይቀመጣል። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብቼ አፈሩ ደረቅ ካልሆነ ጠብታ አልሰጠውም፤ ሳህን የሚባል ከሥሩ የለም። በወር አንድ ጊዜ የቀጠነ የፍግ ውኃ ያገኛል፤ ዩሪያ አላስጠጋበትም። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ውኃ አቆማለሁ። ጨለማ ውስጥ አስገቡት የሚለውን አልቀበልም፤ የሚያሳርፈው ቅዝቃዜውና ድርቀቱ ነው። ቢጫ ሆኖ የተኛውን ቅጠል ብቻ አነሣለሁ፤ አረንጓዴው ፈቅዶ ካልደረቀ አልነካውም። ከገና በኋላ የላይኛውን አፈር በአዲስ ብስባሽ ቀይሬ አንድ ጊዜ ለብ ያለ ውኃ አጠጣዋለሁ፣ ወደ ሳሎኑ መስኮት አስገባዋለሁ። በቤታችሁ ድመት ወይም ቡችላ ካለ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ኮረቱ መርዛማ ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ አገዳ፣ ሦስት አበባ አወጣ። ከፊተኛው ያነሰ ነበር፤ ለእኔ ግን ካየሁት አበባ ሁሉ ይበልጣል። እናቴን ጠርቼ «ሽንኩርቱ ነው» አልኋት። አበቦቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ስለ ሐምሌው ዝናብ አንድም ቃል አልተናገረችም። ወንበሯን ብቻ ወደ መስኮቱ መለሰች።

አሁን ከጎኑ ሁለት ልጆች ወልዷል። ነቅዬ ለየብቻ አልተከልኋቸውም፤ የእናታቸውን ሲሶ እስኪያክሉ እጠብቃለሁ። አንደኛው ለእህቴ ቃል የተገባ ነው፤ ሁለተኛውን እናቴ ለራሷ ይዛዋለች። ዝናብ በነፋስ ሲገፋ በረንዳው ድረስ ይረጫል፤ በዚያን ጊዜ ቀድማኝ ወጥታ መትከያውን ወደ ግድግዳው የምታስጠጋው እሷ ናት።